አናጢው የመረጠው ግብ

ማገገሚያ ማዕከሉ የገባ ታካሚ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ከዚህ ስትወጣ ምን ማድረግ መቻል ትፈልጋለህ? መልሱ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። አንዱ በማንኪያ ሳያፈስ መብላት ይመኛል፤ ሌላዋ የልጅ ልጇን ፀጉር መጎንጎን፤ አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር ደግሞ ማንም ሳይደግፈው ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ። ታካሚው የመረጠው ግብ ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት ሁሉ፣ ጠዋትም ከሰዓትም፣ ወደዚያች ትንሽ ነገር እንዲወስድ ሆኖ ይቀመራል።

አናጢው ሲጠየቅ ታናሽ ወንድሙን በጥፊ መምታት እንደሚፈልግ አሳየ።

ያሳየው በምልክት ነው፤ መናገር አይችልም። ከገዛ ወርክሾፑ ግድግዳ ጋር ከተደረደረው ጣውላ አንዱ ተንሸራትቶ ጭንቅላቱን መትቶት፣ ቀኝ ጎኑ ከትከሻ እስከ እግር ዝሏል። ከቃላቱም አንዲት ብቻ ተርፋለታለች፤ "እሺ"። ውሃ ሲጠማው እሺ ይላል፤ ሲናደድም እሺ፤ ሲያለቅስም እሺ። የሚባለውን ግን አንድም ሳይቀር ይሰማል፣ ይገባዋልም። ይህን መጀመሪያ ላይ ያወቀችው ሚስቱ ብቻ ነበረች።

የእንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጠው ሴት አጠር ያለች፣ ድምፀ ጎርናና ስትሆን ታካሚዎቹ "አሥር አለቃ" ይሏታል። አናጢው ራስጌ የተሰቀለውን የቤተሰብ ፎቶግራፍ በግራ እጁ ጠቆማት። ጣቱ ከኋላ ቆሞ ከሁሉም በላይ የሚታየው ረጅሙ ሰው ላይ አረፈ። ከዚያ በዚያው እጁ የራሱን ጉንጭ ጧ አደረገው። ሚስቱ በሐፍረት ፊቷን ሸፈነች። አሥር አለቃ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም።

"ጋሼ፣ ልምታው ነው የሚሉኝ?"

"እሺ" አለ አናጢው።

እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠችና የሚያስፈልገውን ዘረዘረችለት። መጀመሪያ ሳይደገፍ መቀመጥ። ከዚያ ትከሻው ክንዱን መሸከም አለበት፤ ክርኑም መዘርጋት። ከሁሉ የሚከብደው ግን እጁ ነው፤ ከአደጋው ወዲህ የቀኝ ጣቶቹ ተኮማትረው እንደ ድንጋይ ጠንክረዋል። "ቡጢ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ጨርሰን ነበር" አለችው። "ጥፊ ያሉት ራስዎ ነዎት። ለጥፊ መዳፍ ይከፈታል።" መዝገቡ ላይ ደግሞ በጨዋ ቋንቋ፣ ቀኝ እጅን ዘርግቶ በተከፈተ መዳፍ ፊት ለፊት ያለን ነገር መንካት፣ ብላ አሰፈረችው።

ታናሽ ወንድሙን የወርክሾፑ ሠራተኞች በቁመቱ የተነሳ "ምሰሶ" ይሉታል። መላጊያ አያያዝ ያስተማረው አናጢው ነው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ምሰሶ ታላቁን "ጋሼ" ይለዋል፤ ሲገባ ብድግ ይላል፤ ሲናገር አያቋርጠውም። በአደጋው ማግስት ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ቆሞ አልቅሷል፤ እንባው የእውነት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን እዚያው ቦታ ቆሞ ለሚስትየው ሲናገር አናጢው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማው ነበር።

"እትዬ፣ እውነቱን እንነጋገር። እሱ ከእንግዲህ ሰው አይሆንም። ለእሱ በሚወጣው ብር አዲስ መላጊያ ማሽን ብንገዛ፣ ማሽኑ ሥራ ይሠራል።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ ታላቁ በወንድሙ አፍ ጋሼ መሆኑ ቀረ። እፊቱ ቆሞ "እሱ በልቷል?" ይላል፤ "እሱ ይተኛል?" ይላል፤ እንደ ዕቃ።

ሽምግልና የተቀመጡት አጎታቸው ናቸው። ሽማግሌው በከዘራቸው ወለሉን እየነኩ የወሰኑት አጭር ነበር፤ ወርክሾፑ የታላቁ ነው፤ እሱ እስኪድን ድረስ ቁልፉን ታናሹ ይይዛል፤ የሕክምናው ወጪ ከሥራው ገቢ ይከፈላል። ሁሉም ተስማሙ። ምሰሶ ቁልፎቹን ቀበቶው ላይ አንጠለጠላቸው፤ ሲራመድ ይንኳኳሉ። የወንበርና የሶፋ ልብስ እዚያው ወርክሾፕ ትሰፋ የነበረችው ሚስትየው ባሏን ለማስታመም ሥራዋን ተወች። ምሰሶም በእሷ ቦታ ሌላ ሰፊ ቀጠረ፤ የስፌት መኪናዋንም ሳይጠይቃት ለአዲሷ ሰጣት።

ብዙም ሳይቆይ ምሰሶ ወደ ማዕከሉ መጥቶ ኃላፊውን ሐኪም አነጋገረ። በየቀኑ የሚደረገው ሕክምና ውድ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ቢሆን ምን ይጎድላል? ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። አንጎል የተጎዳ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት በብዛት ሲለማመድ፣ የቀረው የአንጎሉ ክፍል የጠፋውን ሥራ ሊማር እንደሚችል አስረዳው። ለሁሉም እኩል አይሠራም፤ ተስፋ ሰጥቶ የሚያፍርበትም ጊዜ አለ። ሆኖም ልብሱን ራሱ መልበስ የቻለ ሰው ዕድሜ ልኩን አንድ ሌላ ሰው ከጎኑ አያስርም፤ ሂሳቡ ሲሠራ ያ የታሰረው ሰው መቆጠር አለበት አለው።

ምሰሶ ራሱን እየነቀነቀ ሰማና፣ የሚያስታምመውማ አለ፣ ሚስቱ አለችለት፣ ብሎ መለሰ። በእሱ ሂሳብ ውስጥ ሴትዮዋ በነፃ ነበረች። እሷ ደግሞ እዚያው በር ላይ የባሏን የታጠበ ልብስ ታቅፋ ቆማለች።

ሲወጣ ወንድሙ ክፍል ጎራ አለ። "ይህ ሕክምና አደከመህ አይደል? ቢቆምልህ ደስ ይልሃል?" ብሎ ጠየቀው። አናጢው ፊቱ ቀልቶ፣ አንገቱ ተገትሮ ሊናገር ታገለ። የወጣው ያው የሚወጣው ነበር፤ "እሺ"። ምሰሶም በቀጥታ ወደ አጎቱ ሄዶ፣ እኔ ምን አደርጋለሁ፣ ራሱ እሺ ብሏል፤ ቃሉ ቃል ነው፣ አለ። ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ሚስትየው እየሮጠች ሄዳ የእሺን ነገር ብታስረዳቸው፣ የያዘው ጊዜ እስኪያልቅ ሕክምናው ይቀጥል፤ የማሳያው ቀን ሄደን በዓይናችን አይተን እንወስናለን አሉ። በማዕከሉ ወግ የሕክምናው ጊዜ ሲያበቃ ታካሚው የቻለውን ቤተሰቡ ፊት ያሳያል።

አናጢው ያን ሰሞን እንደሠራው በጤናውም ሠርቶ አያውቅም። ሌሎቹ ታካሚዎች ሲደክማቸው ያርፋሉ፤ እሱ ሲደክመው ፎቶግራፉን ያያል። አሥር አለቃ ሚስትየውን ከቤት ብርጭቆ ወረቀትና ቁራጭ ጣውላ አስመጣቻት። ቀኝ መዳፉን በግራው ጠፍጥፎ ይዞ እንጨቱን እንዲፈገፍግ ታደርገዋለች። እጁ ያን ሥራ ከአእምሮው በፊት አስታወሰው። ሰጋቱራው ጭኑ ላይ ሲወርድ አንድ ቀን ሁለት ጣቶቹ በራሳቸው ተፈቱ። ሚስትየው አፏን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ አሥር አለቃ ግን "አውራ ጣትስ?" ብላ ቀጠለች።

ክንዱ ደረቱ ድረስ መነሳት ሲጀምር ፊት ለፊቱ ፊኛ በክር ተንጠለጠለለት። መጀመሪያ ይስታል፤ ቀጥሎ ይመታል፤ ፊኛው ተወርውሮ ጣሪያ ይነካል። እዚህ ላይ ተቆጣችው። "መምታት ማንም ይመታል፤ ከባዱ ማቆም ነው። ፊኛው ሳይነቃነቅ አጠገቡ ያቁሙልኝ።" ይህ ግን አልሆነለትም፤ ሊሆንለትም የፈለገ አይመስልም። በማግሥቱ ጠዋት ፊኛው ላይ በጥቁር እስክርቢቶ ሁለት ዓይንና አንድ ቀጭን ጢም ተስሎ ተገኘ። አሥር አለቃ ማን እንደሳለው ጠየቀች። ያቺ የመጀመሪያ ቀን በሐፍረት ፊቷን የሸፈነችው ሴት መስኮቱን መጥረጓን ቀጠለች።

የማሳያው ቀን ሲቃረብ ነገሩ ከበደ። ምሰሶ ለማሽኑ ቀብድ ከፍሏል የሚል ወሬ ከወርክሾፑ ሠራተኞች ለሚስትየው ደረሳት። አሥር አለቃም ለብቻዋ ጠርታ እቅጩን ነገረቻት፤ እጁ ገና መከፈቱ ነው፤ አሁን ቢቋረጥ ተመልሶ ይዘጋል፤ ያኔ የሚከፍተው አይኖርም። ስለዚህ ሚስትየው ባሏ እግር ሥር ተቀምጣ ለመነችው። ብርጭቆ አንስተህ ውሃ ጠጣላቸው፤ አጎትህ ያለቅሳሉ፤ ወንድምህም አፍሮ ይከፍላል። "ጥፊው ይቆይ። መመታቱን እኔም አልጠላውም፣ ታውቃለህ። ግን መትተኸው ብንባረር እጅህን ይዘን ወዴት እንሄዳለን?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆይቶ "እሺ" አለ። እሺው የእውነት ይሁን ወይም የሁልጊዜው፣ ሴትዮዋ ልታውቅ አልቻለችም።

ስለዚህ የራሷን ጥንቃቄ አደረገች። የባሏ ክንድ ከደረቱ በላይ እንደማይነሳ ታውቃለች። በዕለቱ ቀድማ ገብታ፣ ለምሰሶ ከመጋረጃው አጠገብ ያለውን ከፍ ያለ ወንበር አዘጋጀችለት። ቁመቱ ላይ ወንበሩ ሲጨመር ጉንጩ ከማንም እጅ የራቀ ነበር።

ሁሉም መጡ። አጎትየው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ፤ ሐኪሙና አሥር አለቃ በግድግዳው በኩል፤ ምሰሶ ከፍ ያለው ወንበር ላይ፣ ቁልፎቹ ጎኑ ላይ ተንጠልጥለው። አናጢው በምርኩዙ ክፍሉን አቋርጦ መጣና ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን አነሳ። ጣቶቹ ቀስ ብለው እንደሚነቃ ሰው ተዘረጉ፤ የላስቲክ ብርጭቆውን ከበቡት፤ ወደ ከንፈሩ ወሰዱት። ግማሹ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ጠጣ፤ ብርጭቆውንም መለሰ። አጎትየው መሐረባቸውን አወጡ።

ሚስትየው ተንፈስ አለች።

"ጥሩ ነው" አለ ምሰሶ። "አልተቃወምኩም። ግን አጎቴ፣ ውሃ እኮ በግራውም ይጠጣል። በግራው ሊያደርገው ለሚችለው ነገር ነው ይህ ሁሉ ወራት፣ ይህ ሁሉ ሰው የሚለፋው?"

ሐኪሙ ልብስ ስለ መልበስ፣ ሰውነት ስለ መታጠብ፣ ቆልፎና ከፍቶ ስለ መውጣት አስረዳ። ምሰሶ ገባኝ ገባኝ ይላል። ሽማግሌው ወዲህም ወዲያም ማየት ጀመሩ፤ የአነጋገሩ ልስላሴ እያሸነፋቸው ነበር። ምሰሶም ይህን ስላየ፣ ልበ ደንዳና እንዳይመስል ይመስላል፣ ከወንበሩ ተነሳ። ወንድሙ ፊት ሄደ። ሰው ሕፃን ልጅ ሲያነጋግር እንደሚያደርገው ጉልበቱን አጥፎ ቁጢጥ አለ፤ በሁለት ጣቱም የታላቁን ጉንጭ መታ መታ አደረገ።

"ጎበዝ የኔ ልጅ!" አለው፣ ደንቆሮ እንደሚያናግር ጮክ ብሎ። "በል አሁን ቤትህ ገብተህ ታርፋለህ፤ እሺ በለኝ።"

ሁሉም እሺን ጠበቁ። እሺ አልመጣም። ሚስትየው የባሏን ቀኝ ትከሻ አየች፤ ፊኛው ፊት ሲሆን እንደምታውቀው ወደ ኋላ ሲሸሽ አየችው። ስሙን ልትጠራ ትችል ነበር። በምሰሶና በጠረጴዛው መካከል ልትገባ ጊዜ ነበራት። የስፌት መኪናዋ ትዝ አላት፤ አልጠራችውም።

ክንዱ ተነሳ። ክርኑ ተዘረጋ። መዳፉ ሙሉ በሙሉ፣ እስከ አውራ ጣቱ ተከፈተ። ጉንጩ ላይ ሲያርፍ ክፍሉ ውስጥ ሣጥን እንደተዘጋ ያለ ድምፅ ተሰማ።

"እሺ" አለ አናጢው።

አሥር አለቃ "አውራ ጣቱ ተከፈተ" ስትል ለራሷ ነበር። ሐኪሙ ሳል እንደያዘው ሰው አፉን በእጁ ሸፈነ። ምሰሶ ጉንጩን ይዞ ተነሳ፤ የአምስቱም ጣቶች ምልክት ቀልቶ ይታያል።

"ይኸው! ሁላችሁም አያችሁ። ሰው በጥፊ የሚያጮል ሰው ምን ሕክምና ያስፈልገዋል? ድኗል። ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ነው። ከዛሬ በኋላ ከወርክሾፑ አምስት ሳንቲም አይወጣለትም።"

"ድኗል?" አለች ሚስትየው ቀስ ብላ።

"ድኗል አልኩሽ!"

ወደ ሽማግሌው ዞረች። "አጎታችን፣ ሰምተዋል?"

"ጆሮዬ ደህና ነው።"

"እስኪድን ድረስ ነበር ያሉት፤ እርስዎ ነዎት የወሰኑት። ቁልፉን ይመልስ።"

ምሰሶ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እጁ ሳያስበው ጎኑ ላይ ያለውን የቁልፍ ቀለበት ጨበጠ። እንዴት ያለ ነገር ነው አለ፤ መናገር የማይችል ሰው ወርክሾፕ ሊመራ ነው? የተናደደ ሰው የሚለው ሁሉ ይያዝበታል? እሱ የሚያውቀው እሺ ማለት ብቻ ነው።

"ሕክምናው ይቁም ስትለው እሺ ሲል፣ ቃሉ ቃል ነው ብለህ ለአጎትህ ነግረሃል" አለችው። "ያኔ ቃል ከነበረ አሁንም ቃል ነው።"

አጎትየው ከዘራቸውን አቆሙ። ሁለቱንም ወንድሞች ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። በሽምግልናቸው ተታለው እንደነበር የገባቸው ያኔ ይመስላል፤ ፊታቸው ጠቆረ።

"አንተ" አሉ ወደ ታላቁ ዞረው። "ወርክሾፕህን ትረከባለህ?"

አናጢው ጊዜ ወሰደ። ወንድሙን ከጫማው ጀምሮ እስከ ቀላው ጉንጩ አየው። በሕይወቱ ያን ያህል ጣፍጦት ያወጣው ቃል አልነበረም።

"እሺ።"

ቁልፎቹ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰው ውሃ ውስጥ ወደቁ።

የማሽኑ ቀብድ አልተመለሰም፤ ማሽኑም አልተገዛም። ሚስትየው በማግሥቱ ወርክሾፑን ራሷ ከፍታ ገባች፤ የስፌት መኪናዋንም ወደ መስኮቱ መለሰችው። ሕክምናው በየቀኑ ቀጠለ። እሷ ምሰሶ ጨርሶ እንዲባረር ፈልጋ ነበር። አጎትየው አማላጅ ሆነው ሲመጡ ለማንገራገር ተዘጋጅታ ሳለ አናጢው ቀደማት፤ ከቁልፎቹ መካከል የወርክሾፑን የጭነት መኪና ቁልፍ በቀኝ እጁ አንስቶ፣ እየተንቀጠቀጠች ያለችውን ያችኑ እጅ ወደ ወንድሙ ዘረጋ። ነገሩ ምሕረት መስሏቸው ሽማግሌው መረቁት። ምሕረት አልነበረም።

ምሰሶ ሌላ መሄጃ አልነበረውም፤ ከዚያ ወርክሾፕ ሌላ ሥራ አያውቅም። በየማለዳው ወንድሙን በመኪና ያመጣል። በሩን ይከፍትለታል፤ ምርኩዙን ያቀብለዋል፤ ቦርሳውን ይይዝለታል። ከዚያ ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ ረጃጅም እግሮቹን አጥፎ ይጠብቃል። ጡረተኛው ሾፌር ሲያልፍ ሁልጊዜ አንዲት ነገር ጣል ያደርግበታል፤ "የሥራ ባልደረባዬ፣ ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው?"

አሥር አለቃ አዲስ ግብ ጠየቀችው። ምቱ ተሳክቷል፤ የቀረው ማቆሙ ነው አለችው። እጅ የሚድነው ሲታዘዝ ነው፤ ብርጭቆ ሳይሰበር፣ መላጊያ ሳይስት የሚያዘው ያኔ ነው። ለዚህ ደግሞ ፊኛ አይበቃም፤ ከባድና የማይንቀሳቀስ ነገር ያስፈልገናል ብላ ክፍሉን ስትቃኝ፣ አናጢው በተከፈተ መዳፉ ወደ ኮሪደሩ አመለከተ።

"ወንድምዎ ይስማማል?" አለች።

"እሺ" አለላት።

ስለዚህ ምሰሶ በየቀኑ ይጠራል። ወንድሙ ፊት ቁጢጥ ይላል፤ ቁመቱ ስለማይፈቅድ ሌላ መንገድ የለውም። ክንዱ ሲነሳ ባየ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከንፈሩን ይነክሳል። "ጋሼ፣ ቀስ" ይላል አንዳንዴ፤ ያቺ ቃል ተመልሳለታለች። ሚስትየው ሥራ ካልበዛባት ለማየት ትመጣለች። አሥር አለቃ "ያቁሙ!" ትላለች። እጁም ከጉንጩ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ይቆማል፤ መዳፉ ተዘርግቶ፣ ሳይንቀጠቀጥ።

አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል።